ዊኒፔግ፦ 12 ለ12

የካናዳዋ ክፍለ ግዛት የማኒቶባ ዋና ከተማ ዊኒፔግ የገባሁት ሌሊት ነው። ባለታክሲው ከኤርፖርት መሀል ከተማ 50 ዶላር አስከፈለኝ። ጠዋት የሆቴሉ ልጅ ግማሹ እንኳ ብዙ ነው ሲለኝ ደሜ ፈላ። የክፍሌ ማሞቂያ ደግሞ ሲያጓራ አደረ። ቶሮንቶ በረደኝ እያልኩ ሳማርር ነው የኖርኩት። እዚህ በር ከፍቼ ስወጣ አፌን ዘጋሁ።

የመጣሁት የማኒቶባን ምክር ቤት ለማየት ነበር። ጉብኝቱ በነጻ ነው። ከታላቁ ደረጃ ግራና ቀኝ ሁለት የነሐስ ጎሾች ቆመዋል። እኔን የሳበኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1920 የተከፈተው ይህ ሕንጻ አይደለም። የመጀመሪያው ምክር ቤት አዳራሽ እንኳ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1871 የተሰበሰበው ባናታይን በሚባል ነጋዴ መኖሪያ ቤት ነው።

የወንበሩ ክፍፍል ነው ልቤን የያዘው። 24 ወንበር፤ 12ቱ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሰበካዎች፣ 12ቱ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ። ያኔ ሕዝቡ ወደ 12,000 ነበር። አብዛኛው ሜቲስ ነው፤ ከነባሩ ሕዝብና ከአውሮፓ ሰዎች የተዋለደ። ከላይ ደግሞ 7 ተሿሚዎች ያሉት ሁለተኛ ምክር ቤት ነበር፤ ለአናሳው ዋስትና የታሰበ። በ1876 ወጪ ይቀነስ ተብሎ ፈረሰ። ቁጠባ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንጊዜም እንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ ከኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰፋሪ ጎረፈ። በ1888 ወንበሩ 38 ደርሶ ነበር፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ግን ጥቂት ሆነዋል። በ1890 ያው ምክር ቤት ፈረንሳይኛን ከራሱም ከፍርድ ቤቱም አስወጣ። እኔ ከመጣሁበት አገር እንዲህ ያለ ነገር በጩኸትና በጠመንጃ ነው የሚመጣው። እዚህ በድምፅ ብልጫ፣ በሥርዓት፣ ካባ ለብሶ አለቀ። ይሄኛው የባሰ አስፈራኝ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን የሻረው በ1979 ነው፤ 89 ዓመት ቆይቶ!

ከሰዓት በኋላ በእግረኛ ድልድይ ወንዙን ተሻግሬ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሰፈር ሴንት ቦኒፌስ ገባሁ። ነፋሱን አልነግራችሁም። በ1968 የተቃጠለው ካቴድራል የፊት ግድግዳው እስካሁን ቆሟል። ከፊቱ የሉዊ ሪየል መቃብር አለ። ክፍለ ግዛቷ እንድትመሠረት ትግሉን የመራው እሱ ነው፤ በ1885 ሰቀሉት። በ2023 ደግሞ የማኒቶባ የመጀመሪያ ፕሪሚየር (የክፍለ ግዛት መንግሥት መሪ) የሚል የክብር ስም ሰጡት።

መቃብሩ ዘንድ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። እናታቸው ተማሪ ሳሉ ኢንስፔክተር ሲመጣ የፈረንሳይኛ መጽሐፋቸውን ይደብቁ እንደነበር አጫወቱኝ። እጄ መንቀጥቀጡን አይተው መሰለኝ፣ «ና ግባ» ብለው በመኪናቸው እስከ ሆቴል አደረሱኝ። ለቤንዚን ልስጥዎት ብላቸው ሳቁብኝ። ሬዲዮናቸው በፈረንሳይኛ ስለ አየሩ ያወራል። ቁጥሩን ስጠይቃቸው «ከዜሮ በታች 24፤ ነገ ይብሳል» አሉኝ።