ሁለት ተርፎ ነበር

የካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። የኮሮና ክትባት ዘመቻ ላይ ነን። ምሥራቅ ጎጃም፣ ጤና ጣቢያችን ግቢ ዋርካው ሥር ጠረጴዛ ዘርግተን ጆንሰን እንከትባለን።

ከሰዓት በኋላ አንዲት መምህርት መጣች። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። ፀሐይ አይስማማትም። የቆየ ሕመም እንዳለባት ጠየቅኳት።

"ሉፐስ" አለችኝ።

ጉንጯ ላይ የወጣውን ሽፍታ ማድያት ነው ሲሏት፣ ቁርጥማቱን ምች ነው ሲሏት ከርማ፣ በሽታው የታወቀላት የዓባይን በረሃ ተሻግራ አዲስ አበባ ነው። ለሕመሙ ፕሬድኒሶሎን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና አዛታዮፕሪን የሚባሉ መድኃኒቶች ትወስዳለች።

እኔ ስለ ሉፐስ የማውቀው ኮሌጅ ያነበብኳትን አንዲት ገጽ ነበር። የሰውነት በሽታ መከላከያው የገዛ ሰውነቱን ያጠቃል። ክትባት ደግሞ መከላከያውን ይቀሰቅሳል። ሁለቱን ደመርኳቸው።

"እታለም፣ ላንቺ አይሆንም። በሽታሽን ይቀሰቅስብሻል።"

"ኮሮናው ራሱስ አይቀሰቅሰውም፣ ሲስተር?"

ዝም አልኩ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የምትጠይቀው ማወቅ ፈልጋ ነበር። እኔ ግን ወደ ኃላፊያችን ዞርኩ።

"ከመርፌ በኋላ የመጣ ነገር ሁሉ በእኛ ነው የሚላከከው። ትሂድ" አለ።

ሄደች።

የጆንሰን ጠርሙስ ለአምስት ሰው ነው። ከተከፈተ በኋላ ቢበዛ 6 ሰዓት ነው የሚቆየው። የዚያን ቀን የመጨረሻውን ጠርሙስ ከፍተን ሦስት ሰው ብቻ አገኘን። የሁለት ሰው መድኃኒት በእጄ ጣልኩ።

ማታ ሆስፒታል የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። እንደ እሷ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የሚያሰጋው እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያለው ሕያው ክትባት ነው አለኝ። ጆንሰን ውስጥ ያለው ቫይረስ ግን እንዳይራባ የተደረገ ነው። ሉፐሱ የሚነሳባቸው አይጠፉም፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀላል ነው። የሐኪሞቹ ጭንቀት ሌላ ነው። መድኃኒቱ መከላከያውን ስለሚያዳክም ክትባቱ በደንብ ላይዝላቸው ይችላል። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ተጨማሪ መርፌ ይሰጥ ያለው። እኔ በጣም ይሠራባታል ብዬ ፈራሁ። መፍራት የነበረብኝ እንዳይሠራላት ነበር።

ልፈልጋት ብል በምን? መዝገባችን ላይ የሚጻፈው የተከተበ ነው። ተመላሽ አይጻፍም።

ከወር በኋላ ራሷ መጣች። ለክትትል አዲስ አበባ ሄዳ የሐኪም ደብዳቤ ይዛለች። ኃላፊያችን ማኅተሙን አየና "ወረቀት ካለማ ምን ችግር አለ!" አለ። በሽታው ያው ነው። መድኃኒቶቹም ያው ናቸው።

ሁለት ቀን ሊያተኩስሽ፣ ሊቆረጣጥምሽ ይችላል አልኳት። ማስኩን እንዳትተይ፣ ለተጨማሪውም እንዳትቀሪ ብዬ ለመንኳት። ክንዷን እየገለጠች ቀና አለች።

"ያን ዕለት ተርፎ ነበር?"

መዋሸት አልቻልኩም።

"ሁለት።"

"አንዱ የኔ ነበራ" አለችና ክንዷን ሰጠችኝ።