ትዝታ በክራር፦ እስካሁን የሄድኩበት

ክራር የምትማሩ ጓደኞቼ፣ አሁንም ትዝታ በሚባለው ቅኝት ላይ ነኝ። ባቲ የሚባለው ሌላው ቅኝት ይቆየኝ ብያለሁ። ለምን እንደሆነ ላካፍላችሁ።

ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ አለቀ። በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ማህሙድ አህመድ፣ በዛወርቅ አስፋውና አስናቀች ወርቁ ሁሉም ገብተዋል። ግን አንዳቸውም ከሌላው ጋር አይምታቱም። ልዩነቱ ከየት መጣ? ልምምዴን ሁሉ የያዘው ይሄ ጥያቄ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ማታ ማታ፣ መብራት ቢጠፋም (ክራር ሶኬት አይፈልግም)፣ አንድ ዘፋኝ ብቻ መርጬ አደምጣለሁ። የት እንደሚቆይ፣ የት እንደሚጎትት፣ የት እንደሚተነፍስ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ከዚያ በክራር እከተለዋለሁ። ማህሙድ አንዷን ድምፅ ይዞ ያርገበግባታል። የክራር ድምፅ ግን ቶሎ ይከስማል። ስለዚህ ያንኑ ክር ቶሎ ቶሎ መንካት ግድ ይላል። አስናቀች ደግሞ ራሷ እየመታች ስለምታንጎራጉር፣ ክራሩ ግጥሟን ይጠብቃል። እሷን ስከተል ጣቶቼ ዝም ማለትን እየተማሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ከፍጥነቱ ይልቅ ዝምታው ይከብዳል።

ይህን መልመድ ከጀመርኩ ወዲህ የሰፈሩንም ሙዚቃ በሌላ ጆሮ እሰማለሁ። ቅዳሜና እሁድ እኛ ጋ ድንኳን አይጠፋም። ከአንዱ ሠርግ ወደ ሌላው ስታልፉ ዘፋኙ ይለያያል፤ የኪቦርዱ ድምፅና ምቱ ግን ያው ነው። ያሳዝነኛል። ልጆቹ እኮ ጥሩ ድምፅ አላቸው! ግን አንድ ዘፈን ከተወደደ ሁሉም ያንኑ ምት፣ ያንኑ ቅንብር ይዞ ብቅ ይላል።

ጥፋቱ የማሽኑ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን ቀርጿል። ሁለት ደቂቃ ስሙት፣ እሱ መሆኑን ታውቃላችሁ። ጌታቸው መኩሪያም አለ። በማዘጋጃ ቤትና በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ የነፋ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ከሌላው ጋር እኩል መንፋት ግዴታ ነው። እሱ ግን ጀግና በአደባባይ የሚያሰማውን ሽለላ በሳክስፎን አወጣው። ሽለላው የሁላችንም ነበር። እስትንፋሱ ግን የጌታቸው ብቻ ነው። ለዚህ ነው የራሴን ነገር ለማግኘት ከትዝታ መውጣት የለብኝም የምለው። ገና በደንብ አልገባሁበትም።

አሁን የማህሙድንና የአስናቀችን አካሄድ ለየብቻ መከተል ችያለሁ። የበዛወርቅ ረጅም ስበት ገና ነው። ቀጥሎ ያሰብኩት ሦስቱንም ዘግቼ ዜማውን በራሴ ትንፋሽ መጫወትና በስልክ መቅዳት ነው። ቅጂውን እልክላችኋለሁ፤ ማንን እንደሚመስል ሳትራሩ ንገሩኝ።

ግርፍ (ክሮቹን አንድ ላይ እየገረፉ መምታት) የጀመራችሁ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ምቱ ሲፈጥን ግራ እጃችሁ የማይፈለጉትን ክሮች እንዴት ነው የሚያፍነው? የእኔ ቀለበት ጣት ወደኋላ እየቀረ አስቸግሮኛል።