ሰባት ሳምንት ከ«ሩቅ» ጋር

ሰላም ለሁላችሁ። መስከረም ላይ እንግሊዝኛ አብረን ስንጀምር እያንዳንዳችን አንድ ርዕስ ይዘን ቃላት እንድንሰበስብ ተስማምተን ነበር። እኔ የያዝኩት ርቀትን ነው። የመንገዱንም፣ የልቡንም። ሰባተኛ ሳምንቴን ጨርሻለሁ፤ ደብተሬ ላይ 41 ቃልና ሐረግ አለ። ሁሉንም አልዘረዝርም። ያስቸገሩኝን ልንገራችሁ።

ርዕሱን የመረጥኩት ከሥራዬ የተነሳ ነው። የምውለው ባሕር ዳር፣ ጀልባ መነሻው ላይ ነው። እንግዳ መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «ኢዝ ኢት ፋር?» ይላል። ዘጌ ሩቅ ነው? ጢስ ዓባይ ሩቅ ነው? እኔም ለጢስ ዓባይ «ኢት ኢዝ ሰርቲ ኪሎሜተርስ ፋር» ስል ኖሬያለሁ። ይገባቸዋል፤ ግን እንዲህ አይባልም። እኛ «30 ኪሎ ሜትር ይርቃል» ስለምንል ቁጥሩን አስቀድመን «ፋር»ን እናስከትላለን። እንግሊዝኛው ቁጥር ካለ የሚፈልገው «አዌይ»ን ነው፤ «ሰርቲ ኪሎሜተርስ አዌይ»። «ፋር» የሚመቸው ጥያቄና አሉታ ላይ ነው። «ኢዝ ኢት ፋር?» «ኖ፣ ኢት ኢዝንት ፋር።» አዎ፣ ሩቅ ነው ለማለት ግን «ኢት ኢዝ ኤ ሎንግ ዌይ» ይቀላቸዋል። «ቱ» ወይም «ሶ» ከፊቱ ሲገባ ደግሞ «ፋር» ይመለሳል። ይቺ ነገር ምላሴ ላይ እስክትለምድ ሁለት ሳምንት ፈጀችብኝ። በቀን ስንት ጊዜ እየተጠየቅኩ እንኳ።

ቀጥታ መስመሩን ለመናገር «አዝ ዘ ክሮው ፍላይስ» ይላሉ። ቁራ እንደሚበርረው ማለት ነው። ለጣና ሰው ከዚህ የተሻለ ሐረግ አላገኘሁም። ከባሕር ዳር ጎርጎራ፣ ቁራ ሐይቁን ሰንጥቆ ቢሄድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን ሐይቁን በምሥራቅ ዞሮ በአዘዞ በኩል መመለስ ነው፤ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጎርጎራን ያነሳሁት በምክንያት ነው።

«ቅርብ» ላይ ብዙ አልቆይም። የቅርብ ጓደኛ «ኒር ፍሬንድ» አይባልም፤ «ክሎስ ፍሬንድ» ነው። መጨረሻውን «ስ» በሉት። «ዝ» ካላችሁት መዝጋት ሆነ። እነሱ ሁለቱንም አንድ አድርገው ይጽፏቸዋል፤ በእኛ ፊደል ግን «ክሎስ» እና «ክሎዝ» ተለይተው ይታያሉ። ደብተሬን በአማርኛ ፊደል የምይዘው ለዚህ ነው። ከመካከላችሁ ይህን የማይወዱ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእኔ ግን ሠርቶልኛል።

ከመንገድ ወደ ልብ ያሻገረኝ «ዲስታንት» ነው። የሩቅ ዘመድ «ዲስታንት ሬለቲቭ» ነው። ግን አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰውም «ዲስታንት» ይሆናል። ይመልሳል፣ ይስቃል፣ ግን የለም። እኛ «ቀዘቀዘብኝ» የምንለው ዓይነት።

በአራተኛው ሳምንት ከዘጌ ስንመለስ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ እንግዳ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። እታለም ጎርጎራ ናት። ታላቄ ናት፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ካገባች በኋላ መደዋወላችን እየሳሳ ሄዶ የበዓል ብቻ ሆነ። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ከደብተሬ ትልቁን ቃል አወጣሁ። «ዊ አር ኢስትሬንጅድ» አልኩ። ሴትዮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አይ አም ሶ ሶሪ» አሉና ምን እንዳጣላችሁ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

ምንም አላጣላንም። «ኢስትሬንጅድ» ከ«ስትሬንጀር» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የገዛ ሰው ባዳ ሲሆን የሚባል ነው። ተኳርፈው ለተቆራረጡ አባትና ልጅ፣ በጠብ ተለያይተው ለሚኖሩ ባልና ሚስት ይሆናል። ውስጡ ቂም አለበት። ነገሩን ሳስረዳቸው «ኦ፣ ዩ ድሪፍትድ አፓርት» አሉኝ።

«ድሪፍት»ን በመዝገበ ቃላት አውቀው ነበር። የገባኝ ግን በማግሥቱ ነው። ዳር ቆሜ ሁለት ቁራሽ እምቦጭ ተጠጋግተው ሲንሳፈፉ አያለሁ። አንደኛው ላይ ነጭ ወፍ ቆማለች። ነፋሱ ነካ አደረጋቸው። መካከላቸው አንድ ስንዝር ውኃ ታየ፤ ከዚያ አንድ ክንድ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አንዱ ወደ ዓባይ መውጫው ሄዷል። ማንም አልቀዘፈ፣ ማንም አልገፋ። «ድሪፍት አፓርት» ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ቃል ስመርጥ መጀመሪያ ራሴን «ማን ሄደ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ማንም ሳይሄድ ከሆነ «ድሪፍት»። ሰውየው አስቦ ያራቀኝ ከሆነ «ሂ ኪፕስ ሚ አት አርምስ ሌንግዝ» ነው፤ ክንዱን ዘርግቶ እዚያው አቆመኝ እንደ ማለት። «ዲታችድ» ደግሞ ስሜቱን ከነገሩ የነጠለ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ዳኛ እንዲህ ቢሆን እንወዳለን።

በጣም የወደድኩት «ኤሉፍ»ን ነው። ሰው ሲጠጉት የማይጠጋ፣ ከሩቅ የሚያይ ማለት ነው። መነሻው የመርከበኞች ትእዛዝ ነው። ነፋስ መርከቧን ገፍቶ ከዳር እንዳያላትማት አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙር ይባል ነበር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጣና ጠዋት ዝም ይላል፤ ከሰዓት ማዕበል ያነሳል። አንድ ቀን ዘጌ ድንጋዩ ጋ ልንጠጋ ስንል ነፋሱ መጣ። ካፒቴናችን አንድ ቃል ሳይናገር ዞር አለና ጀልባዋን ፊት ለፊት ለነፋሱ ሰጣት። ዳር የሚጠብቁን ልጆች ጥለናቸው የምንሄድ መስሏቸው ይጮሃሉ። እሱ ግን ጀልባዋን እያዳነ ነው። አሁን አንድ ሰው ኩሩ ነው ሲባል ስሰማ እነዚያ ልጆች ትዝ ይሉኛል።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ሥር ይሠራዋል። ራቀ፣ አራቀ፣ ተራራቀ። ግሱ ራሱ ማን እንደሄደ ይናገራል። እንግሊዝኛው ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል ያወጣል። ስለዚህ ቃላቱን በ«ሩቅ» ትርጉም ብቻ ስሸመድድ መደባለቄ አይገርምም። አሁን ደብተሬ ላይ በእያንዳንዱ ቃል ጎን የአማርኛውን ግስ እጽፋለሁ።

ባለፈው እሑድ እታለም ጋ ደወልኩ። በዓል አልነበረም፤ ደንግጣ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። የምማረውን ነገርኳት፤ ስለ ሴትዮዋም፣ ስለ እምቦጩም። «በአማርኛ ተራራቅን ማለት ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ተራራቅን ካልክ እኔም ሄጃለሁ ማለት ነዋ» አለችኝ። ካርዴ እስኪያልቅ አወራን። መልሳ የደወለችው እሷ ናት።

ለስምንተኛው ሳምንት የያዝኩት ናፍቆትን ነው። «አይ ሚስ ዩ»ን አውቃለሁ። ግን «ሚስ» አውቶቡስ ሲያመልጥም ይባላልና አልጠገብኩትም። ለ«ናፈቅሽኝ» ሌላ ያገኛችሁ ካለ ላኩልኝ፤ ደብተሬ ላይ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ።