ከአባየ መስፍ ሥር የለቀምነው

"እዚያ ማዶ ሥራህ ምንድን ነው?" አሉኝ አባየ። ቡሬ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ነው።

ካናዳ፣ ኩቤክ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በስልክ ሲጠይቁኝ "ፋብሪካ ነው" ብዬ አልፋለሁ። አሁን ግን ፊት ለፊት ተቀምጠናል። "ብረት ነው የምሠራው" አልኳቸው። ዝም አሉ።

ዝምታቸው ገብቶኛል። አባየ ቀጥቃጭ ናቸው። ልጅ ሳለሁ "የቡዳ ልጅ" እየተባልኩ ነው ትምህርት ቤት የተመላለስኩት። ማረሻውን አሠርቶ የሚሄድ ሰው ቤታችን ውኃ እንኳ አይቀምስም ነበር። አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ግን እኔ ድረስ ደርሷል። አባየ ያስተማሩኝ ከእሳቱ እንድርቅ ብለው ነው።

እኔ ደግሞ ከዚያ የባሰ እሳት ውስጥ ገባሁ።

የእኛ እሳት ከሰልም ወናፍም የለውም። አርጎን የሚባል ጋዝ በቱቦ ይገባል። ቱቦውን የመዳብ ጥቅል ከቦታል፤ መዳቡ እንዳይቀልጥ ውስጡ ውኃ ይዞርበታል። ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ጋዙ ራሱ እንደ እሳት ግሎ ያበራል። ፕላዝማ ይሉታል፤ መብረቅም እንደዚሁ ነው። ቶማስ ሪድ የሚባል አሜሪካዊ ይህን ዓይነቱን ችቦ በ1961 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ሙቀቱ ወደ 10,000 ዲግሪ ይጠጋል። ቲታኒየም በ1,668 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ተንግስተን በ3,422። አሉሚና የሚባለው ሴራሚክም 2,072 ላይ እጁን ይሰጣል።

ሸካራውን የብረት ወይም የሴራሚክ ዱቄት ከላይ በቀጭን ቧንቧ እንለቅበታለን። ዓይን ሳይርገበገብ ይቀልጣል። የቀለጠ ነገር አየር ላይ ሲሆን ራሱን ሰብስቦ ይድቦለቦላል፤ ጎመን ቅጠል ላይ ያለች የውኃ ጠብታ እንደምትሆነው ማለት ነው። ወደ ታች ሲወርድ እንደተድቦለቦለ ይጠነክራል። ለሌዘር ስሪዲ ፕሪንተር የምንልከው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 45 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከፀጉር ይቀጥናል።

"ድቡልቡል መሆኑ ለምን አስፈለገ?" አሉ አባየ።

እማየ ጤፍ እየነፉ ነበር። አንድ እፍኝ ጤፍ፣ አንድ እፍኝ ገለባ ወሰድኩ። ጤፉ በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ገለባው እዚያው ቀረ። "ማሽኑ ዱቄቱን በስሱ እያነጠፈ፣ በጨረር እያቀለጠ፣ ድርብ በድርብ ዕቃ ይሠራል" አልኳቸው። "ካልፈሰሰለት ማንጠፍ አይችልም።" የአውሮፕላን ዕቃና ሰው ዳሌ ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም መገጣጠሚያ እንደሚወጣውም ነገርኳቸው።

ያጠፋሁትንም አልደበቅኳቸውም። በመጀመሪያው ክረምት ሥራው ቶሎ እንዲያልቅልኝ ዱቄቱን አብዝቼ ለቀቅሁት። ብዙ ሲገባበት እሳቱ ይደክማል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግማሹ እንደ ተሰበረ ድንጋይ ሆኖ ወጥቷል። የቀኑ ሥራ በሙሉ ተደገመ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባየ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሳት አይቸኩሉበትም" አሉ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከአሮጌ ሬዲዮ ስፒከር ማግኔት ፈታሁ። በፌስታል ጠቀለልኩና አባየ ብረት በሚቀጠቅጡበት መስፍ ሥር ያለውን አፈር ዳሰስኩበት። የያዘውን ነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኩት። አብዛኛው ጥቁር ቅርፊት ነው። ወረቀቱን ቀስ ብዬ አጋደልኩት። ቅርፊቱ ባለበት ቀረ። ከመሃሉ ግን ጥቃቅን ጥቁር ኳሶች ተንከባለው ወረቀቱ ጫፍ ላይ ተሰበሰቡ።

አባየ ጎንበስ አሉ። የተሰበረ ማረሻ በእሳት ሲያጣብቁ፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ግሎ በመዶሻ ሲመታ፣ መሃሉ ላይ የቀለጠው ይፈናጠራል። አየር ላይ እያለ ይድቦለቦላል። እንደ እኔው ዱቄት ንጹሕ ብረት አይደለም፤ ብረትና ዝገቱ ተቀላቅሎ የቀለጠ ነው። አደቦላቦሉ ግን አንድ ነው።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ስረግጠው ነው የኖርኩት?" አሉ።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። አንድ ጊዜ እሳቸው አጋደሉት፤ ኳሶቹ ተንከባለሉላቸው። ደግመው አጋደሉት። ከዚያ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ አንድ ገበሬ ማረሻ ሊያሠራ መጣ። አባየ ወናፉን ከመንካታቸው በፊት ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። "ና እስቲ፣ ወደዚህ ጠጋ በል" አሉት።