ሐረጎን ሲወርድ ራሱን የሚይዝ የፊት ፍሬን

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ጋራዥ የደረሰው አሮጌ ሆንዳ ሞተር ብስክሌት፣ የፊት ጎማው በሁለት እጅ ቢገፋም አልዞር አለ። የፍሬን እጀታውም ድርቅ ብሏል። ባለሞተሩ «ጠዋት ደሴ ላይ በጣት ይዞር ነበር» አለ፤ እውነቱን ነው። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ የካሊፐሩ (የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተን ተወልውሎ ጎሚኒው (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) ተቀይሮለት ነበር፤ ግን ምንም ለውጥ አላመጣም።

ሲቀዘቅዝ የሚለቅ፣ ሲግል የሚይዝ ፍሬን ብዙውን ጊዜ ችግሩ የፒስተን ዝገት አይደለም። የዛገ ፒስተን ቀዝቅዞም ይይዛል። እዚህ ላይ መፈለግ ያለበት ግፊቱ የት እንደታፈነ ነው፤ የሚፈለገውም ፍሬኑ እንደጋለ፣ እንደያዘ ሳለ ነው።

ሞተሩ በካቫሌቶ ቆሞ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሳ። ታንከሩ በጨርቅ ተሸፈነ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ዘይቱ የጋለ ስለሆነ መነጽርና ጓንት የግድ ነው። መጀመሪያ የሚላላው ላይኛው፣ የፍሬን ቱቦው ከማስተሩ (እጀታው ሥር ያለው፣ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጋር የሚገናኝበት ቡሎን ነው። ያኔ ጎማው ከለቀቀ ጥፋቱ የማስተሩ ነው። ካልለቀቀ የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ይላላል፤ በዚህ ከለቀቀ የፍሬን ቱቦው ውስጡ አብጦ ተደፍኗል። በሁለቱም ካልለቀቀ ነው ፒስተኑ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን የሚጠረጠረው። አብዛኛው ሰው ከታች ይጀምራል። ከታች ከተከፈተ ግን ግፊቱ በሙሉ ይወጣና ጥፋቱ የማስተሩ ይሁን የቱቦው መለየት አይቻልም።

የዚህኛው ላይኛው ቡሎን ትንሽ ላላ ሲል ዘይቱ ፊን አለ፤ ጎማውም ወዲያው ለቀቀ።

የማስተሩ ክዳን ሲከፈት ታች ቡናማ አተላ ተኝቷል። ከሥሩ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ትልቁ ክፍት፣ ከ1 ሚሊ ሜትር የምትጠበው ትንሿ ግን ድፍን። ዘይት ሲግል መጠኑ ይጨምራል፤ ትርፉ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰው በዚች ቀዳዳ ነው። መመለሻ ሲያጣ ፒስተኑን ይገፋል፣ ሸራው ዲስኩን ይይዛል፣ ሙቀቱ ይብሳል። ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ለሚወርድ ሞተር ይህ በቂ ነው።

ማስተሩ ተፈቶ ቀዳዳዋ በአንዲት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ክር ተጠረገች። መሰርሰሪያ አይነካትም፤ ጠርዟ ከሻከረ ጎሚኒውን ይቆርጣል። የሚታጠበው በንጹሕ የፍሬን ዘይት ነው። ቤንዚንና ናፍጣ ጎሚኒ ያሳብጣሉ፤ እዚህ አገር ሁሉን ነገር በቤንዚን የማጠብ ልማድ ስንቱን ፍሬን ፈጅቷል!

ሲገጠም አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ገባ፤ ክዳኑ ላይ በተጻፈው መሠረት ካልተከፈተ ጠርሙስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ተሞላ፣ አየሩም ወጣ። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ክዳኑ ክፍት ሆኖ እጀታው በስሱ ሲነካ ከትንሿ ቀዳዳ ዘይት ብቅ ካለ መንገዷ ክፍት ነው (ፊትን ራቅ ማድረግ ነው)። እጀታው ጫፉ ላይ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ መንቀሳቀስ አለበት፤ ያ ከሌለ የማስተሩ ፒስተን እስከ መጨረሻ ስለማይመለስ ጎሚኒው ቀዳዳዋን እንደሸፈነ ይቀራል፣ የተጸዳውም ከንቱ ነው።

ሐረጎን ደግሞ ወርዶ ሲመጣ ጎማው በእጅ ዞረ። ስስ የፉጨት ድምፅ ነበረው፤ የዲስክ ፍሬን ሸራ ሁልጊዜም በስሱ ስለሚነካ አያሳስብም። በሙቀት ተቃጥለው እንደ መስታወት የለሰለሱት አሮጌ ሸራዎች ግን ሁለቱም ተቀየሩ።