የሜክሲኮ አየር፣ የባሕር ዳር ባጃጅ

በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት አጋማሽ ባሕር ዳር ሄድኩ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጣና ሞልቷል፣ የመንገድ ዳር ዘንባባዎች በዝናብ ታጥበው ያብረቀርቃሉ። የሄድኩት ግን ለሐይቁ ብዬ አልነበረም። የአጎቴ ልጅ እዚያ መካኒክ ነው። እሁድ ማታ የሜክሲኮውን የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር አብረን ልናይ ተቀጣጥረናል። እኔ ውድድሩን የምከታተለው ለሹፌሮቹ ሳይሆን ለሞተሮቹ ደንብ ነው። እሱ ይሄን ነገሬን እንደ በሽታ ነው የሚያየው።

አየር ማረፊያ መጥቶ የተቀበለኝ በአንድ ደንበኛው ባጃጅ ነው። «ጠግኜው እየሞከርኩት ነው» አለኝ ሻንጣዬን ከኋላ እየወረወረ። ሙከራው ሩቅ አልሄደም። ከተማ ስንገባ ባጃጁ ትንፋሽ አጠረው፣ ጥቁር ጭስም ይተፋ ጀመር። ጋራዡ እንደደረስን ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈታና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ደረቅ ዱቄት ሆኖ ረገፈ።

«ቤንዚን በዝቶበታል» አለ።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራተር ግን ይሄን አያውቅም። ለቆላ ተስተካክሎ ከሆነ ያንኑ ያህል ቤንዚን መልቀቁን ይቀጥላል። አየር ያጣው ቤንዚን በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይቀራል።

«የሜክሲኮ ሲቲ ሜዳ እኮ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው» አልኩት። «እዚያ አየሩ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል።»

«ታዲያ የእነሱ ካንዴላ አይጠቁርም?»

አይጠቁርም። ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። ከዚያ ደግሞ ቱርቦ አለ። በጭስ ማውጫው የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ተርባይን ያዞራል፣ ተርባይኑ በዚያው ዘንግ ላይ ያለ ሌላ መዘውር አዙሮ አየር እየጨመቀ ወደ ሲሊንደር ይሰዳል።

«ወናፍ ነው በይኛ» አለ።

ወናፍ ነው። አየሩ ሲሳሳ ወናፉ ይፈጥናል። ደንቡ ያኔ በደቂቃ እስከ 125,000 ዙር ይፈቅድለት ነበር። ስለዚህ ሜክሲኮ ላይ የሞተሩ ጉልበት ብዙም አይጎድልም። ጭንቁ ማቀዝቀዣው ላይ ነው፤ ስስ አየር ራዲያተሩንም ፍሬኑንም እንደልብ አያበርድም።

ምሳ ሐይቁ ዳር ነበር፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ከነጭንቅላቱ፣ በዳጣ። አሳውን ሳንጨርስ ክርክሩ ተጀመረ። መካኒክ ሁሉን ነገር የሚለካው በሲሲ፣ በሲሊንደሮቹ ይዘት ነው፤ 1,000 ሲሲ አንድ ሊትር ነው።

«ስንት ሲሲ ነው ሞተሩ?»

«1,600።»

«ኮሮላ በይኝ እንጂ!» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነው፣ ኮሮላም 1,600 አለው። በእኛ አገር የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ የቤት መኪና የሚመደበው በሲሲ ነው፦ እስከ 1,300፣ ከዚያ እስከ 1,800፣ ከዚያ በላይ። የፎርሙላ ዋኑ ሹፌር የሃሚልተን ፌራሪ ጉምሩክ ቢቆም መሃለኛው መደብ ላይ ከኮሮላ ጋር ይሰለፋል ማለት ነው። የአሜሪካው ውድድር የኢንዲካር ሞተር 2.2 ሊትር ስለሆነ የላይኛው ይመታው ነበር። ከፎርሙላ ዋን አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው ፎርሙላ 2 ደግሞ 3.4 ሊትር ነው። ግን ጉልበታቸውን እዩ፦ የፎርሙላ 2 ጉልበት 620 ፈረስ ነው፣ ፎርሙላ ዋን ከነኤሌክትሪኩ ወደ 1,000 ይጠጋል። ሲሲ እዚህ ጋ ምንም አይነግርህም።

ፎርሙላ 2 ላይ ሁሉም ቡድን የሚነዳው የአንድ አምራች ሞተር ነው፤ ሜካክሮም ይባላል። ይሄን ስነግረው ደስ አለው። «ይሄ ነው ፍትሕ! ሹፌሩ ይታያላ።» እኔ ግን ሁሉም አንድ ሞተር ከያዘ የማየው ነገር አይኖረኝም።

የእኔ ተወዳጅ ደንብ የቤንዚን ፍሰት ገደቡ ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከዚያ ዓመት ድረስ የፎርሙላ ዋን ሞተር በሰዓት ከ100 ኪሎ በላይ ቤንዚን መውሰድ አይፈቀድለትም ነበር። ሞተሩ በደቂቃ እስከ 15,000 ዙር እንዲዞር ተፈቅዶለት ነበር፣ ማንም ግን እዚያ ድረስ አይወጣም ነበር። ከ10,500 በላይ የሚፈሰው ቤንዚን ስለማይጨምር የተረፈው ዙር ሰበቃ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ለሙሉ ውድድሩ ደግሞ 110 ኪሎ ነበር የሚሰጠው። መሐንዲሶቹ የቀራቸው ነገር ከእያንዳንዷ ጠብታ ብዙ ጉልበት መጭመቅ ብቻ ነበር። እንደ እኔ ከዚህ የተሻለ የሞተር ደንብ ተጽፎ አያውቅም።

«ቤንዚን በኮታማ እኛም ጋ አለ» አለ አጥንቱን እየለቀመ። «ማደያ ሰልፍ ላይ አድሬ አውቃለሁ። ዋንጫ የሰጠኝ የለም።»

እሁድ ጠዋት ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት በጀልባ ሄድን። ደብረ ማርያምን ተሳልመን ተመለስን። ከውኃው ብቅ ያለ የጉማሬ ጆሮ አይተናል፤ ጀልባ ነጂው ግን ቀልቡ ሞተሩ ላይ ነው። «40 ፈረስ ናት» አለን ሳንጠይቀው። ሦስታችንም ሞተር የምንለካበት ነገር ለየቅል ነው። እሱ በፈረስ፣ ዘመዴ በሲሲ፣ እኔ በኪሎ።

«ቱርቦው ይሄን ያህል ካስቸገረ ለምን አይከለክሉትም?» አለ የአጎቴ ልጅ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮኸ።

ከልክለውት ነበር። ታሪኩን መንገድ ላይ ነገርኳቸው። በ1977 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ሬኖ ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ይዞ ብቅ ሲል የሌሎቹ 3 ሊትር ነበር። መጀመሪያ ሞተሩ እየነደደ ተሳቀበት። በ80ዎቹ አጋማሽ ግን ለማጣሪያ ዙር ብቻ የሚዘጋጁት ቱርቦዎች ከ1,000 ፈረስ በላይ አለፉ። ደንብ አውጪዎቹ ደነገጡ። በ1987 የአየሩን ግፊት በቫልቭ 4 ባር ላይ አሰሩት፣ በ1988 ወደ 2.5 አወረዱት፣ ቤንዚኑንም 150 ሊትር አደረጉት። ቱርቦ የሌላቸው መኪኖች ዕድል ያገኛሉ ተብሎ ነው። ምን ሆነ? የማክላረን ቡድን በሆንዳ ቱርቦ ከ16 ውድድር 15ቱን ጠራርጎ ወሰደ።

«አንዱንስ?» አለ ጀልባ ነጂው።

አንዱን ጣሊያን ውስጥ ሞንዛ ላይ ፌራሪ ወሰደው። እሱም ቱርቦ ነበር! በ1989 ቱርቦ ጭራሽ ተከለከለ፣ ቱርቦ የተመለሰው በ2014 ነው። ጀልባ ነጂው በጣም ሳቀ፤ ይሄ ታሪክ እንዲህ ያሳቀው ሰው አይቼ አላውቅም።

ውድድሩ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ላይ ነው የሚጀምረው። ቤቱ ውስጥ ኳስ ለማየት የመጡ ጎረቤቶች ስለነበሩ የሪሞት ጦርነት ተነሳ። የፈረደችው ሚስቱ ናት፦ «እንግዳ ያለችውን ነው የምናየው።» ቡና ቀረበ። የአጎቴ ልጅ በጥበቃው መሃል ስልኩን አውጥቶ የ2005 እ.ኤ.አ.ን ባለ አሥር ሲሊንደር ሞተር፣ የቪ10ን ድምፅ ከፈተልኝ፤ 3 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ፣ በ19,000 ዙር የሚያለቅስ ሞተር። «ይሄ ነው ሞተር!» አለ። ድምፁን በተመለከተ መልስ የለኝም። የአሁኖቹ ከዚያ አንጻር ያንጎራጉራሉ እንጂ አይጮሁም።

ከዚያ የ2026 እ.ኤ.አ.ን ደንብ ነገርኩት። ከቱርቦው ዘንግ ጋር ተገጥሞ ከትኩስ ጭስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ ይወጣል፤ ውድ ነው፣ የመንገድ መኪና ላይም ብዙ አልተለመደም። ጎማውን ለማዞር የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ከ120 ኪሎዋት ወደ 350 ያድጋል። የቤንዚኑ ፍሰትም በኪሎ መለካቱ ቀርቶ በያዘው ኃይል ይሆናል። ጉልበቱ ግማሽ በግማሽ ሊጠጋ ነው።

ዝም ብሎ አሰበ። አገራችን ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች፤ ጋራዡ ውስጥ ወሬው ሁሉ ይሄው ነው።

«እና ያ ፌራሪሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ጉምሩክ ቢደርስ ባትሪውን ያስገቡና ሞተሩን ይመልሱታል?»

ሚስቱ «ዝም በሉ፣ ሊጀምር ነው» አለች።