ፍሬን እየረገጥኩ ነዳጅ ልቆጥብ ስል

ሃይብሪድ መኪና (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) የያዝኩ ሰሞን ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ፍሬን ስትይዝ ባትሪው ይሞላል፣ ባትሪው ሲሞላ ነዳጅ ይተርፋል። ታዲያ ፍሬን ማብዛት ነዋ! ሁለት ሳምንት ሙሉ እየከነፍኩ ሄጄ መብራት ጋ ስደርስ ሲጥ አደርገው ነበር። ትርፉ ምን ሆነ? ፍጆታው ጭራሽ ጨመረ፣ አብሮኝ የሚሄደው ሰው ደግሞ ማቅለሽለሽ ጀመረው።

እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ወይም ፍሬኑን ስትነካ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሥራውን ይገለብጣል። ጎማ ማዞሩን ትቶ በጎማው እየዞረ እንደ ዲናሞ ያመነጫል። በተለመደው ፍሬን ግን ያ ጉልበት ሸራና ዲስክ ሲፋተጉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ችግሩ ሞተሩም ባትሪውም በአንድ ጊዜ የሚችሉት ልክ አለው፤ ሲጥ ስታደርገው ከልኩ ያለፈውን የሚይዘው ያው የድሮው ሸራ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መርፌ ናት። ፔዳሉን ቀስ አድርጌ ስነካው መርፌዋ ወደ ቻርጅ ትወርዳለች። ትንሽ ጠንከር ሳደርግ ጫፍ ላይ ትደርስና እዚያው ትቆማለች፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ብረግጥ አትነቃነቅም። ስለዚህ አሁን ከሩቁ ቀይ መብራት ሳይ እግሬን አነሳለሁ፣ ከዚያ መርፌዋ ጫፍ ሳትነካ ቀስ እያልኩ እይዛለሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ጨርሶ ፍሬን አለመያዝ ነው፣ አዎ፣ ይህን ሁሉ ለፍቼ የደረስኩት እዚህ ነው። ጉልበቱ ከጎማ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ባትሪ፣ ከዚያ ደግሞ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። አራት ጉዞ ነው። እያንዳንዱ 10 በመቶ ብቻ ቢበላ እንኳ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ከመቶ 65 ገደማ ነው። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ተንሸራትተህ ከደረስክ ግን ባትሪው ጋ ደርሶ የሚመለሰው ጥቂት ነው።

ቁልቁለት ላይም ሞኝነት ሠርቻለሁ። ከድሮው መኪናዬ በለመድኩት ማርሹን ኤን (ፍሪ) ላይ አድርጌ እለቀው ነበር። የኔ መኪና ኤን ላይ ምንም ቻርጅ አያደርግም። ቀጥሎ ቢ የሚለውን ማርሽ ሞከርኩ፤ ብዙ ሰው ቻርጅ የሚጨምር ይመስለዋል። ቶዮታ ሃይብሪዶች ላይ ግን ቢ በዋናነት የቤንዚኑን ሞተር እያዞረ መኪናውን ይይዛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ባትሪው ሞልቶ መቀበል ሲያቅተው እሱ ነው የሚያድንህ። ከዚያ ውጪ የተለመደው የመንጃ ማርሽ፣ ዲ፣ ይበቃል።

በቅርቡ ጎማው ሲፈታ ሸራው ብዙም አልተበላም ነበር፣ ዲስኩ ግን ዝጎ ቆየኝ። ሥራ ፈትቶ! አሁን አልፎ አልፎ መንገዱ ጭር ሲል ኤን አስገብቼ ጠንከር አድርጌ እይዛለሁ፣ ሸራው ብቻውን ይዞ ዝገቱን እንዲጠርግልኝ። ያ የማይረባ ያልኩት ኤን ለዚህ ሆነኝ።